ያገለገለ ቴፕ፦ ከቴሌግራም ወይስ ከሠፈር?

ረዘም ይላል፤ ሥራ ላይ ያላችሁ አስቀምጡትና ማታ አንብቡት።

ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ የምትልኩልኝ በዝታችኋል። «ቲቸር፣ ያገለገለ አምፕሊፋየር ልገዛ ነው። ቴሌግራም ላይ አንድ አየሁ፤ ሠፈር ውስጥም አንድ ሰው ይሸጣል። የቱን ልያዝ?» አንዱ ከደሴ ነው የሚጠይቀኝ፣ አንዷ ከአቀስታ፣ አንዱ ደግሞ ጭራሽ አዲስ አበባ መርካቶ አፍንጫው ሥር ተቀምጦ። እኔን የምትጠይቁኝ ፊዚክስ ስላስተማርኳችሁ አይመስለኝም። መካነ ሰላም ሳላችሁ ጠዋት ጠዋት ባንዲራ ሊሰቀል ሲል የሚኒ ሚዲያው አምፕ «ጢጥ» ብሎ ሲዘጋ ጠመንጃ መፍቻ ይዤ ስሮጥ ስላያችሁኝ ነው።

እንግዲህ ለሁላችሁም አንድ ላይ ልመልስ።

ከስሙ ልጀምር። እኛ አገር ትልቅ ድምፅ ማጉያ ሁሉ ሞንታርቦ ነው። የቤተ ክርስቲያኑም ሞንታርቦ፣ የሎተሪ ሻጩ መኪና ላይ ያለውም ሞንታርቦ፣ የሠርግ ቤቱም ሞንታርቦ። ሞንታርቦ ግን የጣሊያን ፋብሪካ ስም ነው፤ ዕቃው ጠንካራ ስለነበር ስሙ ለወንድሞቹ ሁሉ ተረፈ። ስለዚህ ቴሌግራም ላይ «ሞንታርቦ ይሸጣል» የሚል ካያችሁ ሻጩ አልዋሸም፤ የነገራችሁ ነገርም የለም። ምን እንደሆነ ለማወቅ ከጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ ፎቶ አስልኩ። ከፊት ለፊት የተነሣ ፎቶ ለሠርግ ነው።

ያ የጀርባ ጽሑፍ ብዙ ይናገራል። ካርቶኑ ላይ «3000 ዋት ፒኤምፒኦ» ተብሎ በትልቁ ይጻፋል። ከጀርባው ግን «220 ቮልት፣ 60 ዋት» ይላል። አሥረኛ ክፍል የነበራችሁ አስታውሱ፤ ከግድግዳው 60 ዋት የሚወስድ ዕቃ 3000 ዋት ሊሰጣችሁ አይችልም። ቢሰጥማ ኖሮ ግድብ መገንባት ባላስፈለገን። ፒኤምፒኦ የሚሉት ቁጥር ለዓይን እንጂ ለጆሮ አይደለም። አርኤምኤስ የሚለውን ፈልጉ፤ ከሌለ ደግሞ ከኃይል ፍጆታው ከግማሽ ብዙም አይበልጥም ብላችሁ ገምቱ።

ሌላው፣ ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ዕቃ ነው። ድምፁ ግሩም፣ ዋጋው ርካሽ፣ ስሙ ትልቅ። ሶኬቱ ላይ ሲሰካ ግን በሁለት ሰከንድ ጭስ። የእነሱ 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። ትራንስፎርመር ይገዛለት ይሆናል፤ እሺ። ሸክላ ማጫወቻ ከሆነና ሞተሩ በመብራቱ ፍሪኩዌንሲ የሚሽከረከር የድሮ ዓይነት ከሆነ ግን ትራንስፎርመርም አያድነውም። እነሱ 60 ኸርዝ፣ እኛ 50 ኸርዝ ስለሆንን ከስድስት እጅ አንዱን እጅ ይዘገያል። ጥላሁን ገሠሠን እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ያዘፍነዋል።

ይህን ሁሉ ያልኩት ሠፈር ውስጥም ሆነ በስልክ ስትገዙ ስለሚያስፈልግ ነው። አሁን ወደ ጥያቄያችሁ።

በእኛ አገር በሬ ስትገዙ እንዴት ነው? ሻጩ ዋስ ይጠራል። «ይሄ በሬ የሌባ አይደለም፣ ቢወጋ፣ ቢተኛ፣ ባለቤት ነኝ ባይ ቢመጣ እኔ አለሁ» የሚል ሰው መሀል ይቆማል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስትና አለበት ይላል፤ አባቶቻችን ግን ሕጉ ሳይጻፍም ያውቁት ነበር። የሚገርመው፣ ለበሬ ዋስ የሚጠራው ሰው፣ የበሬውን ሩብ ዋጋ ለሚያወጣ አምፕ ምንም አይጠራም። ፎቶ አይቶ ቴሌብር ይልካል።

ሠፈር ውስጥ ሲሆን ዋሱ ሳይጠራ አለ። መካነ ሰላም ውስጥ የሚሸጥ ስፒከር ታሪኩ ይታወቃል። የማን ሠርግ ላይ እንደጮኸ፣ በየትኛው ክረምት ውኃ እንደገባበት፣ ማን እንደጠገነው። ሻጩ ቢደብቃችሁ እንኳ ቡና አፍልታ የምትሸጠዋ ልጅ ትነግራችኋለች። በ2014 ጦርነቱ ወሎ በደረሰ ጊዜ ከየመሥሪያ ቤቱና ከየሰው ቤት የተዘረፈው ዕቃ ስንት እንደነበር ታውቃላችሁ፤ ከዚያ ወዲህ «ዕቃው የማን ነበር?» የሚለው ጥያቄ ቀልድ አይደለም። ስልክ ላይ ይህን ጥያቄ የሚመልስላችሁ የለም።

ግን ሠፈርንም አላሞካሽም። ሠፈር ውስጥ ምርጫ የለም። ያለው ሁለት ነው፤ አንዱ የተበላሸ፣ አንዱ የአማቻችሁ። ከአማች ጋር ደግሞ ዋጋ አይከራከሩም። ሲበላሽ መልሰህ ውሰደው አይባልም። ስንት ሰው ነው በይሉኝታ የገዛውን ቴፕ በጨርቅ ሸፍኖ ቡፌ ላይ ያስቀመጠው!

መሸጥ ደግሞ ከመግዛት ይብሳል። እዚህ ከተማ ውስጥ አንድ መምህር ቴፑን ይዞ ወደ ገበያ ሲወጣ ከታየ ማታ ላይ ወሬው «ቲቸር ምን ገጠመው? ታመመ እንዴ? ብድር አለበት እንዴ?» ነው። ሰው የሚያየው ዕቃውን አይደለም፤ እጃችሁ ማጠሩን ነው። የማውቃቸው ሁለት ባልደረቦቼ የሚወዱትን ዕቃ በቴሌግራም የሸጡት የተሻለ ዋጋ ስላገኙ አልነበረም። ገዢው ስለማያውቃቸው ነው። ይህን ማንም በግልጽ አይናገረውም፤ ነገር ግን በእኔ ግምት ለእኛ ዓይነት ትንሽ ከተማ የቴሌግራም ገበያ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው። ብር የተቸገረ ሰው አንገቱን ሳይደፋ ይሸጥበታል።

ደግሞም አትርሱት፤ በ2015 ነሐሴ ግድም በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ያ ሁሉ ገበያ በአንድ ሌሊት ለእኛ ጠፋ። ለወራት። ያኔ ንጉሡ ማን ነበር? ሱቁ ደጃፍ ላይ የተበተነ ሬዲዮ ዘርግቶ የሚቀመጠው ጠጋኝ ነዋ። የሞተ ሬዲዮ ከሞተ ቴፕ እየፈታ አንድ የሚናገር ያወጣ ነበር። ሰዉም ዜና የሚሰማው በሬዲዮ ስለሆነ ከየቤቱ ጣሪያ ሥር አቧራ የጠጣ ሬዲዮ እያወጣ ይሰለፍ ጀመር። ቀጥሎ በሐምሌ 2016 የብሩ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የአዲስ ዕቃ ዋጋ ወደ ሰማይ ወጣና ሁላችንም ፊታችንን ወደ ያገለገለ አዞርን። እንዲህ ሆነን ነው ዛሬ ይህን የምንጠያየቀው።

አሁን የራሴን ጉዳይ ልንገራችሁ፤ ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ ለዚህ መንደርደሪያ ነው ማለት ይቻላል።

እኛ ሠፈር አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ነገሩን እንድጽፍ ግን ፈቅደውልኛል። ልጃቸው በ1991 ጅዳ ሄደች። እሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ፣ ደብዳቤ ብትልክ ጎረቤት አንብቦ ምሥጢሯን ሁሉ ስለሚሰማ፣ ካሴት ትልክላቸው ነበር። ያኔ ብዙ የወሎ ቤተሰብ እንዲህ ነበር የሚያወራው፤ አንድ ካሴት ከአንድ ተመላሽ ሰው ጋር፣ ከሻርፕና ከሳሙና መሀል ተጠቅልሎ። ሦስት ካሴት ደረሳቸው። ከዚያ ልጅቷ ታመመችና እዚያው ቀረች።

የቤታቸው ቴፕ ከተበላሸ አሥራ ምናምን ዓመት ሆኖታል። ካሴቶቹን በነጠላ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ አስቀምጠው ኖረዋል። ባለፈው ጥር ጠሩኝና «መምህር፣ ወደ ሞባይል አውጣልኝ። ሳልሞት አንዴ ልስማት» አሉኝ።

አዲስ ማጫወቻ ግዛ የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አሁን የሚሸጡት አዳዲሶቹ ትንንሽ ካሴት ማጫወቻዎች ውስጣቸው ቀላል ፕላስቲክ ነው፤ ድምፁን ያወዛውዙታል። የካሴት ክር 3.81 ሚሊ ሜትር ስፋት ብቻ ያለው፣ በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር የሚሄድ ነገር ነው። የ60 ደቂቃው ካሴት ክሩ ትንሽ ወፈር ይላል፤ የ90ው ቀጭን ነው፤ የ120ውማ ከሸረሪት ድር አይሻልም። የእሳቸው ሁለቱ ባለ 60፣ አንዱ ባለ 90 ናቸው። ክፉ ማሽን አንዴ ከበላው አለቀ። ቅጂ የለውም። ስለዚህ ጠንካራ፣ የድሮ የጃፓን ዴክ ያስፈልገኝ ነበር።

አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ አገኘሁ። ባለ ሁለት ካሴት፣ «ስላይትሊ ዩዝድ፣ ጭረት የለውም፣ ዋጋው ፊክስድ ነው»፣ 7,500 ብር። ቪዲዮ አስላክሁ፤ ካሴት ገብቶ ሲዞር፣ ቁጥሩ ሲቆጥር፣ ዘፈኑ ሲወጣ አየሁ። ላክሁለት። በአውቶብስ ደሴ፣ ከደሴ ደግሞ በጉጉፍቱ ብርድ አልፎ በአቀስታ በኩል በአይሱዙ መጣ። ስከፍተው የመጣው ዴክ በቪዲዮው ላይ ያየሁት አይደለም። የዚያኛው በር ደህና ነበር፤ የዚህኛው ግማሹ የለም። የራሴን አሮጌ የእንግሊዝኛ መማሪያ ካሴት አስገብቼ ሞከርኩት። ክሩን የሚገፋው ይዞራል፤ የሚጠቀልለው ቆሟል። ይህ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፤ አንዱ እጅ ያለማቋረጥ ይሰጣል፣ ሌላው አይቀበልም። ክሩ ሆዱ ውስጥ ይከመራል። «ቴፑ ካሴት በላ» የምንለው ይሄ ነው። በሦስት ሰከንድ ውስጥ መማሪያዬን በላው።

ለሻጩ ጻፍኩለት። «ትራንስፖርት ላይ ነው የተጎዳው» አለኝ። በሩ ትራንስፖርት ላይ ይሰበር ይሆናል፤ የዕቃው መለያ ቁጥር ግን ትራንስፖርት ላይ አይቀየርም። ይህን ስለው ብሎክ አደረገኝ። 7,500 ብር ለአንድ መምህር ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

እዚህ ከተማ ድሮ ሙዚቃ ቤት የነበራቸው አንድ ሰው አሉ። የዛሬ ልጆች አታውቁትም፤ በቦረና ዙሪያ ካሴት ያስቀዳ ሁሉ ደንበኛቸው ነበር። የማሪቱ ለገሰን አምባሰል ስንት ጊዜ እንደቀዱ ቆጥረው አይጨርሱትም። ሚሞሪ ካርድ ሲመጣ ሱቁን ዘጉ፤ ዴኩን ግን አልሸጡም። ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ያንን ዴክ ይሸጡልኛል?»

«አልሸጥም።»

«ዋጋውን ይንገሩኝ እንጂ።»

«ምን ልታደርገው ነው?»

ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ልጅቷን ያውቋታል፤ ከመሄዷ በፊት ባዶ ካሴት የገዛችው ከእሳቸው ሱቅ ነበር። «አብሽር መምህር፤ ና ግባ» አሉኝና ከአልጋ ሥር አወጡት። 3,000 ብር አሉ። ከዚያ ደግሞ ራሳቸው፣ ሳልጠይቃቸው፣ «ግን አይሠራም» አሉኝ። ከፈቱልኝ። ሞተሩን ከጎማው የምታያይዘው ላስቲክ ቀልጣ እንደ ሬንጅ ተጣብቃ ነበር። ዕድሜ የጠገበ ላስቲክ እንዲህ ይሆናል። ሌላው ሁሉ ደህና ነው፤ ሄዱ አልተበላም፣ ጎማው አልደረቀም።

ልዩነቱ ይሄ ነው እንግዲህ። አንዱ የሚሠራ ብሎ የማይሠራ ሸጠልኝ፤ አንዱ የማይሠራ ነው ብለው ሊሠራ የሚችል ሸጡልኝ።

ላስቲኳ ግን የለችም። መካነ ሰላም የለች፣ ደሴ ፒያሳ ለአንድ ልጅ ደውዬ አስፈለግሁ፣ የለችም። ጠጋኙ የጎማ ጓንት ቆርጦ ሊያስር ፈለገ፤ እንዲህ ያለው ለዘፈን ያስኬዳል፣ ለዚህ ግን አይሆንም ብዬ ከለከልኩት። በመጨረሻ የት አገኘሁ? ቴሌግራም ላይ። መርካቶ የሚሠራ ልጅ ነው፣ ሱቁ የአንድ ሰው ትከሻ አትበልጥም ብሎኛል። ብር ልላክልህ ስለው «ቆይ ቲቸር፣ መጀመሪያ ለካልኝ» አለ። የመዘውሮቹን ዙሪያ በክር ዞሬ፣ ክሩን በማስመሪያ ለክቼ ቁጥሩን ላክሁለት። ከዚያ ላይ አምስት በመቶ አጠር ያለ ሰጠኝ፤ ላስቲክ ተወጥሮ መሥራት አለበትና። አራት ላስቲክ በ200 ብር። በአምስተኛው ቀን በአንድ ሾፌር ኪስ ውስጥ ደረሰ። ያው ቴሌግራም፣ ያው ከተማ፣ ያው ስልክ።

ስለዚህ «ኦንላይን ሌባ ነው» የሚለውን አልቀበልም። ለእኔ መለያው ሌላ ነው። የሚላከው ዕቃ ስሙና ልኩ ተነግሮ የሚያልቅ ከሆነ፣ ላስቲክ፣ ኬብል፣ ፊውዝ፣ ትራንዚስተር፣ በስልክ ግዙ። ማግኔት፣ ሞተር ወይም ሄድ ያለበት ከሆነ ግን በእጃችሁ ንኩት። ስፒከር ስትገዙ መሀሉን በሁለት እጅ ጣቶች ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ግፉት፤ ከተፋቀ ጥቅልሉ ተነክቷል። ጠርዙ ላይ ያለውን ስፖንጅ ንኩት፤ እንደ ቆሎ ገለባ ከተነሣ በቃ። አምፑን አሽቱት፤ የተቃጠለ ትራንስፎርመር ሽታው ዓመትም አይለቅ። የድምፁ ቁልፍ ሲዞር ቢንጫረር ግን አትሽሹ፤ አቧራ ነው፤ ዋጋ ማስቀነሻ አድርጉት። የግድ በመንገድ የሚመጣ ስፒከር ከሆነ ደግሞ ካርቶኑን በጭድ አስጠቅጥቁት፤ ማግኔቱ ከባድ ስለሆነ በእኛ መንገድ ንቅናቄ ከቦታው ይንሸራተታል። ጭድ ከፎም ይሻላል፤ ሞክሬዋለሁ።

(የሸክላን ነገር የጠየቅሽኝ ልጅ፣ ለአንቺ በሁለት መስመር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ ማሳተም ከጀመረው ዘመን የቀሩ ሸክላዎች ዛሬ ውጭ አገር ብዙ ገንዘብ ያወጣሉ፤ የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በ2005ቱ የአሜሪካ ፊልም ከተሰማ ወዲህ ደግሞ ፈላጊው በዝቷል። አያትሽ ያሉትን ለልዋጭ እንዳትሰጪ። ከሌላ ሽማግሌ የምትገዢ ከሆነም የውጩን ዋጋ አሳይተሽ ግዢ። እሳቸው ስለማያውቁት በርካሽ መግዛት ንግድ ነው የሚል ሰው አለ፤ እኔ አይመስለኝም።)

ላስቲኳን ባለ ሙዚቃ ቤቱ ራሳቸው ገጠሟት። ሄዱን በጥጥና በአልኮል ጠረጉ። መጀመሪያ የራሳቸውን ካሴት አዞሩ፣ ቀጥሎ የእኔን፣ ከዚያ የእናትየዋን የመጀመሪያ ካሴት አስገቡ። ድምፁ ታፍኖ ወጣ፤ ሰው ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ እንደሚያወራ። ክሩ አርጅቶ መስሎኝ ተስፋ ቆረጥኩ። እሳቸው ግን ቀጭን ጠመንጃ መፍቻ አንሥተው ሄዱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በጆሯቸው እየሰሙ ሩብ ዙር አዞሩ። ጅዳ የተቀዳበት ቴፕ ሄዱ ትንሽ የተዛነፈ ስለነበር የእኛውን አብረው አዛነፉት። ድምፁ በአንድ ጊዜ ተከፈተ። ከኋላዋ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲዞር ሁሉ ተሰማ። ይህን ሩብ ዙር የሚሸጥ ቻናል እስካሁን አላየሁም።

እናትየዋን ጠራናቸው። ልጅቷ በመጀመሪያ የጎረቤቱን ስም በሙሉ እየጠራች ሰላም አለች፤ ግማሾቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ላሟ ወልዳ እንደሆነ ጠየቀች። ደመወዟን ተናገረች። እናትየዋ አላለቀሱም። ጎንበስ ብለው ሰሙ፤ አንድ ቦታ ላይ «እሱን ቀንሰው መምህር፤ የብሩን ነገር ልትናገር ነው» አሉኝ፤ ቀነስኩ። ባለ ሙዚቃ ቤቱ ተነሥተው ውጭ ወጡ፤ ምሥጢር እንዳይሰሙ ነው ያሉት።

ሁለቱን ካሴቶች በሙሉ፣ የሦስተኛውን አንድ ገጽ ወደ ስልክ አውጥተናል። ሁለተኛው ገጽ ይቀራል፤ እናትየዋ «እሱን ለፋሲካ እናቆየው» ብለዋል። እኔም አልነካሁትም።

የበሩ ግማሽ የሌለው ዴክ አሁንም ቤቴ አለ። ለመለዋወጫ የሚሆን ሞተርና ጥሩ ሄድ አለው፤ በ1,000 ብር እሸጣለሁ፤ የማይሠራ መሆኑን ከወዲሁ ተናግሬያለሁ። ከአራቱ ላስቲኮች ደግሞ ሁለቱ ተርፈውኛል። ቤታችሁ የታፈነ ካሴት ያላችሁ፣ ቴፑን ይዛችሁ ኑ፤ ላስቲኩ በነጻ ነው። ባለ ሙዚቃ ቤቱ ከሰዓት በኋላ አይጠፉም።